ልጓም ያጣ የዋጋ ንረት የአገር ገንዘብን እንዴት ያጠፋል? የመለያ፣ የማስያና የመቋቋሚያ መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1914 አጋማሽ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4.2 የጀርመን ማርክ ይመነዘር ነበር። በኖቬምበር 1923 ያንኑ አንድ ዶላር ለማግኘት 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ያስፈልግ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ከዘጠኝ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ ቁጠባ፣ የሕይወት መድን ውልና የመንግሥት ቦንድ ዋጋ ቢስ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ጥፋት ለደረሰበት ሕዝብ በድንገት የወረደ መዓት ቢመስለውም፣ በየአገሩ የተከሰተውን ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያጠና ሰው ግን ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ሆኖ ይታየዋል። ገንዘብ በአንድ ቀን አይሞትም፤ ሥራዎቹን አንድ በአንድ እየለቀቀ ነው የሚሞተው። በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ መለየት የሚችል ሰው ጥሪቱን ለመጠበቅም፣ መንግሥት የሚወስደው እርምጃ እውነተኛ መድኃኒት መሆን አለመሆኑን ለመመዘንም ይችላል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ይህን መለየት ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተራውን የዋጋ ንረት ከልጓም አልባው መለየት

የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ፊሊፕ ኬገን በ1956 ባሳተመው ጥናት፣ ሃይፐር ኢንፍሌሽን የሚባለው የዋጋ ንረት የሚጀምረው ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ከ50 በመቶ በላይ የጨመረበት ወር ላይ ነው ሲል ወሰነ፤ እስከ ዛሬም ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በዚሁ መስፈርት ነው። በወር 50 በመቶ ለዓመት ሲሰላ 600 በመቶ የሚሆን ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ወር ባለፈው ወር ጭማሪ ላይ ስለሚጨምር ውጤቱ ከ12,800 በመቶ በላይ ነው፤ ይህም ማለት በዓመቱ መጀመሪያ 1 የነበረው ዋጋ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 130 ይጠጋል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በወርና በዓመት የሚነገሩ ቁጥሮችን አለማደባለቅ ነው። የወሩን ጭማሪ ወደ ዓመት ለመቀየር በ1 ላይ የወሩን ጭማሪ ደምሮ (ለ2 በመቶ 1.02 ይሆናል) አሥራ ሁለቱን እንዲህ ያሉ ቁጥሮች እርስ በርስ ማባዛት፣ ከውጤቱም 1 መቀነስ ያስፈልጋል። በወር 2 በመቶ ሲሆን በዓመት 27 በመቶ ገደማ፣ በወር 5 በመቶ ሲሆን 80 በመቶ ገደማ፣ በወር 10 በመቶ ሲሆን 214 በመቶ ገደማ፣ በወር 20 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 790 በመቶ ይደርሳል። ዋጋ በስንት ወር እጥፍ እንደሚሆን በግምት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው 70ን ለወርኃዊው መቶኛ ያካፍል፤ ጭማሪው በጣም ከፍ ካላለ በቀር ይህ ስሌት ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በወር 5 በመቶ ከሆነ ዋጋ በ14 ወር ገደማ፣ በወር 10 በመቶ ከሆነ በሰባት ወር ገደማ እጥፍ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ስሌትም አለ። ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር ገንዘቡ የመግዛት አቅሙን ያጣው በግማሽ ሳይሆን በአንድ ሦስተኛ ነው፤ ዋጋ በ100 በመቶ ሲጨምር ነው ግማሹን የሚያጣው። ይህን ማወቅ ደመወዝን፣ ኪራይንና ቁጠባን በትክክል ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሳያስፈልግ ከመደናገጥም፣ ሳይገባ ከመዘናጋትም ያድናል።

ምንጩን በበጀቱ ውስጥ መፈለግ

የዋጋ ንረት በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በነጋዴው ላይ ነው። ነጋዴ ዋጋ ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ዋጋን በሺህና በሚሊዮን እጥፍ ለማሳደግ የሚያስችል ገንዘብ በሸማቹ እጅ ከሌለ፣ ስግብግብነት ብቻውን እንዲህ ያለውን ንረት ሊፈጥር አይችልም። በታሪክ የታወቁት ልጓም ያጡ የዋጋ ንረቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከኋላቸው አንድ ነገር አለ፤ መንግሥት በታክስና በእውነተኛ ብድር ሊሸፍነው ያልቻለውን ወጪ ማዕከላዊ ባንኩ አዲስ ገንዘብ እየፈጠረ ሲሸፍንለት እናገኛለን።

የጀርመን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። መንግሥት የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ወጪ የሸፈነው በአመዛኙ በብድር ነበር፤ ከሽንፈቱ በኋላ በ1921 የ132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ የካሳ ዕዳ ተጫነበት። የፈረንሳይና የቤልጂየም ጦር በጃንዋሪ 1923 የሩርን የኢንዱስትሪ አካባቢ ሲይዝ፣ መንግሥት ሠራተኞቹ ሥራ በማቆም እንዲቃወሙ አበረታታ፤ ደመወዛቸውንም እየከፈለ ቆየ። ከሩር ይገኝ የነበረው የድንጋይ ከሰልና የታክስ ገቢ ቀርቶ ወጪው ግን በብዙ እጥፍ ጨመረ። ጉድለቱን የሞላው የገንዘብ ማተሚያው ነበር። ስለዚህ የሩር ወረራ ለጥፋቱ ምክንያት ሆነ ሲባል ትክክል የሚሆነው፣ በጀቱን ከቀዳዳ ወደ ገደል የቀየረው መሆኑን ስንረዳ ነው።

የበጀቱን ጤንነት ለመመርመር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንድ አገር ዓመታዊ በጀቱን ሲያውጅ የጉድለቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የጉድለቱን መሸፈኛ ይመልከቱ። ጉድለቱ የግምጃ ቤት ሰነድ በገበያ ወለድ ለሚገዙ ቆጣቢዎችና ባንኮች በመሸጥ የሚሸፈን ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ከማዕከላዊ ባንኩ በሚወሰድ ቀጥተኛ ብድር የሚሸፈን ከሆነ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት የሰጠው ብድር ከዓመት ዓመት ከምርት ዕድገት በብዙ በላቀ ፍጥነት የሚያድግ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። ብድሩ በሕግ ጣሪያ ተበጅቶለት ጣሪያው በየጊዜው የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ይበረታል። ድጎማዎችና የመንግሥት ድርጅቶች ኪሳራ ከበጀቱ ውጭ በማዕከላዊ ባንኩ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩ ከሆነም፣ የታወጀው ጉድለት ትንሽ መሆኑ ሊያዘናጋን አይገባም። በዚምባብዌ ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት ማዕከላዊ ባንኩ ለእርሻና ለመንግሥት ድርጅቶች የሚሰጠው ድጎማ በዚህ መንገድ ያልፍ ነበር።

ጉድለቱ አንዴ በገንዘብ ኅትመት መሸፈን ከጀመረ ራሱን በራሱ የሚያሳድግበት ምክንያት አለው፤ ይህን ነጥብ ልብ ብሎ መረዳት ያስፈልጋል። ታክስ የሚሰላው ገቢው በተገኘበት ጊዜ ሲሆን ለመንግሥት የሚገባው ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ዋጋ በወር 30 በመቶ በሚጨምርበት አገር፣ ከሁለት ወር በኋላ የተከፈለ 100 ታክስ የመግዛት አቅሙ 59 ብቻ ነው። ታክስ ከፋዩም ይህን ያውቃልና ክፍያውን ማዘግየት ትርፍ ይሆንለታል። በቦሊቪያ የመንግሥት የታክስ ገቢ በ1981 ከአገሪቱ ምርት 9 በመቶ ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በ1985 የመጀመሪያ አጋማሽ ወደ 1.3 በመቶ ገደማ ወረደ። ጉድለቱ የዋጋ ንረትን ወለደ፤ የዋጋ ንረቱም ተመልሶ ጉድለቱን አሰፋ። ከዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ መንግሥት ወጪውን ባይጨምር እንኳ በየወሩ ብዙ ማተም ይኖርበታል።

ገንዘቡ ሥራዎቹን የሚለቅበትን ቅደም ተከተል መከታተል

ገንዘብ ሦስት ሥራዎች አሉት፤ ሀብት ማስቀመጫ ነው፣ የዋጋ መለኪያ ነው፣ መገበያያም ነው። ልጓም ያጣ የዋጋ ንረት ሦስቱን በአንድ ጊዜ አይነጥቀውም።

መጀመሪያ የሚሄደው ሀብት ማስቀመጫነቱ ነው። ቆጣቢው ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥ ያቆምና መሬት፣ ወርቅ፣ የግንባታ ዕቃ ወይም የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። በዚህ ደረጃ ሸቀጥ በመደብሩ አለ፣ ዋጋም በአገሩ ገንዘብ ይለጠፋል፤ ለላይ ተመልካች ነገሩ ሰላም ይመስላል። ምልክቱ የሚታየው በረጅም ጊዜ ውሎች ላይ ነው። የአሥር ዓመት ብድር ይጠፋል፤ ከዚያ የአምስት ዓመት፣ ከዚያም የአንድ ዓመት። የጊዜ ተቀማጭ ሒሳቦች ወደ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ይዞራሉ። በገንዘብ ላይ የሚደርሰውን ነገር ቀድሞ የሚናገረው ውሎች ያጠሩበት ፍጥነት ነው፤ ይህ ከዕለት ዋጋ ይልቅ የታመነ ምልክት ይመስለኛል።

ቀጥሎ የዋጋ መለኪያነቱ ይሄዳል። ሰዎች በአገሩ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ሲያስቡና ሲዋዋሉ ግን በዶላር፣ በወርቅ ወይም በእህል ነው። የቤት ኪራይ ውሉ ላይ የሚጻፈው የውጭ ምንዛሪ ቁጥር ሲሆን ክፍያው በዕለቱ ተመን ይመታል። ነጋዴው ትናንት የሸጠበትን ዋጋ ሳይሆን ነገ ዕቃውን መልሶ የሚተካበትን ዋጋ ያሰላል። በዚህ ጊዜ የምንዛሪ ተመን ሲንቀሳቀስ ከውጭ ፈጽሞ ያልመጡ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ጭምር በዚያው ሰዓት ዋጋቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዋጋ የጉድለቱን ገንዘብ እየተከተለ ከመሄድ አልፎ የሰዎችን ግምት እየተከተለ መሮጥ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። አንድ ሕዝብ በልማዱ የአንድ ወር ገቢውን ያህል በጥሬ ገንዘብ ይይዝ ነበር እንበል። ሁሉም ሰው በተመሳሳይ ጊዜ ከአንድ ሳምንት በላይ ላለመያዝ ቢወስን፣ ያው ገንዘብ በአራት እጥፍ ገደማ ፍጥነት ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ የሸቀጡ መጠን ካልጨመረ ማተሚያው ቢቆም እንኳ ዋጋ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ለመንግሥትም ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ነው። ሕዝቡ ከዓመት ምርቱ 20 በመቶ የሚያህል ዋጋ ያለው ገንዘብ ሲይዝ፣ መንግሥት ከምርቱ 5 በመቶ ለመውሰድ የገንዘቡን መጠን በ25 በመቶ ገደማ ማሳደግ ይበቃው ነበር። ሕዝቡ የሚይዘው ወደ 5 በመቶ ሲወርድ ግን ያንኑ ለማግኘት የገንዘቡን መጠን እጥፍ ማድረግ አለበት፤ እጥፍ ማድረጉ ደግሞ ሕዝቡን የበለጠ ያሸሻል። በኅትመት የሚሰበሰበው ነገር እያነሰ፣ ኅትመቱ ግን እየበዛ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ደረጃ ለባለሥልጣናት እጅግ አሳሳች ነው። ዋጋ ከገንዘቡ ብዛት ቀድሞ ስለሚሮጥ በአገሩ ያለው ጥሬ ገንዘብ ሲደመር የሚገዛው ነገር እያነሰ ይሄዳል፤ ደመወዝ ከፋዮች ኖት አጣን ብለው ይጮኻሉ። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት የነበረው ሩዶልፍ ሃቨንሽታይን ችግሩን እንደ ኖት እጥረት አይቶ ማተሚያዎችን ማብዛቱን እንደ ግዴታው ቆጠረው። በ1923 መጸው ከመንግሥቱ ማተሚያ ቤት በተጨማሪ ከመቶ የሚበልጡ የግል ማተሚያ ቤቶች ኖት ያትሙ ነበር፤ ከተሞችና ፋብሪካዎችም የየራሳቸውን ጊዜያዊ ኖት አወጡ።

የጊዜውን አጣዳፊነት ከአንድ ኖት ላይ ማንበብ ይቻላል። በዲሴምበር 15 ቀን 1922 የተጻፈበት የ1,000 ማርክ ኖት ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ወደ ገበያ ሳይወጣ በፊት ዋጋው ከንቱ ሆነ። በ1923 መጸው ወረቀቱን ላለመጣል ሲባል በላዩ ላይ አግድም በቀይ ቀለም «አንድ ቢሊዮን ማርክ» የሚል ጽሑፍ ታትሞበት እንዲሠራበት ተደረገ። ኖቱን በእጁ የያዘ ሰው ከቀዩ ጽሑፍ ሥር የቀድሞውን «1,000» አሁንም ማንበብ ይችላል። አንድ ወረቀት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በሚሊዮን እጥፍ ተባዝቶ ለሌላ ዕድል ተላከ፤ ለዚያም ቢሆን ዕድሜው የሳምንታት ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ የ100 ትሪሊዮን ማርክ ኖት ወጣ።

በመጨረሻ የሚሄደው መገበያያነቱ ነው። ሠራተኛ ደመወዙን በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ ይቀበላል፤ ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ ተቀብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ገበሬው ሰብሉን ለወረቀት አልሸጥም ይላል፤ እህል በጎተራ ሞልቶ ከተማው ይራባል። የሸቀጥ በሸቀጥ ልውውጥ ይስፋፋል። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው የሃንጋሪው ነው፤ በጁላይ 1946 ዋጋ በ15 ሰዓት ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆን ነበር። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ኖት ጠዋት ተቀብሎ ማታ የሚያወጣው ሰው በእጁ በረዶ እንደያዘ መንገደኛ ነው። ማንም በራሱ ፈቃድ የማይቀበለው ገንዘብ በሕግ ገንዘብ ሆኖ ቢቆይም በሥራ ግን ሞቷል።

አንባቢ የሚኖርበት አገር ገንዘብ ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንዳለ ሲጠይቅ፣ ውሎች ለስንት ጊዜ ይዋዋላሉ፣ ዋጋ በምን ይታሰባል፣ ሻጭ ገንዘቡን ሳያቅማማ ይቀበላል ወይ የሚሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠይቅ። አብዛኛው የዋጋ ንረት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ እንደሚመለስም ልብ ሊባል ይገባል፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከደረሱት አገሮችም ሳይሞት የዳነ ገንዘብ ያላቸው አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የይፋ ቁጥር ሲጠፋ

የቬኔዝዌላ ማዕከላዊ ባንክ ንረቱ እየከፋ በሄደባቸው ዓመታት ከሦስት ዓመት በላይ የዋጋ መረጃ ማውጣት አቁሞ ነበር፤ በሜይ 2019 እንደገና ሲያወጣ የ2018 ንረት ከ130,000 በመቶ በላይ እንደነበር አመነ። የዚምባብዌም መንግሥት ከጁላይ 2008 በኋላ፣ ማለትም ዓመታዊው ንረት 231 ሚሊዮን በመቶ ከደረሰ በኋላ ቁጥር ማውጣት ተወ። የመረጃው መቋረጥ በራሱ ምልክት ነው።

እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ የራሱን መለኪያ መሥራት ይችላል። በየወሩ የማይቀሩ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ነገሮችን ይምረጡ፤ ምግብ፣ ነዳጅ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርት፣ ኪራይ። መጠናቸውንና ዓይነታቸውን ጽፈው ያስቀምጡና በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የሁሉንም ድምር ይመዝግቡ። ድምሩ በአንዱ ወር 1,000፣ በሚቀጥለው 1,180 ከሆነ የወሩ ንረት 18 በመቶ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ በዓመቱ ከሰባት እጥፍ በላይ ይሆናል። የጠፋ ዕቃ ካለ በሌላ አይተኩት፤ «አልተገኘም» ብለው ይጻፉ፤ ምክንያቱም የዕቃ መጥፋት በዋጋ ላይ የማይታይ ጭማሪ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በይፋውና በትይዩ ገበያው የምንዛሪ ተመን መካከል ያለው ልዩነት ስንት በመቶ እንደሆነ መመዝገብ ይጠቅማል። ልዩነቱ መስፋቱ ብቻ ሳይሆን የመስፋቱ ፍጥነት መጨመሩ ነው አሳሳቢው። በዚምባብዌ ይፋው ተመን ትርጉም ባጣበት ወቅት ሰዎች በሐራሬም በለንደንም የአክሲዮን ገበያ የሚሸጠውን የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ በማነጻጸር እውነተኛውን ተመን ይገምቱ ነበር።

የቤተሰብን ጥሪት መጠበቅ

መጀመሪያ የተቀማጭ ገንዘብን እውነተኛ ወለድ ያስሉ። ንረቱን ከወለዱ መቀነስ ለዝቅተኛ ቁጥር ይሠራል፤ ለከፍተኛ ቁጥር ግን ያሳስታል። ባንኩ በዓመት 30 በመቶ ወለድ ቢከፍልና ዋጋ በ80 በመቶ ቢጨምር፣ 1.30ን ለ1.80 ማካፈል 0.72 ይሰጣል፤ ቆጣቢው ከመግዛት አቅሙ 28 በመቶ ገደማ አጥቷል ማለት ነው። ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው በደብተሩ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ እያየ ድሃ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአገሩ ገንዘብ መያዝ የሚገባው ለቅርብ ጊዜ ወጪ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው።

የቀረው ምን ላይ ይዋል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ዋጋውን የሚጠብቅ፣ የማይበላሽ፣ በቀላሉ የሚሸጥና በሕግ የተፈቀደ ነገር መሆን አለበት፤ አራቱን አንድ ላይ የሚያሟላ ነገር ጥቂት ነው። ቤትና መሬት ዋጋቸውን ይጠብቃሉ፤ ለመድኃኒት ገንዘብ ሲፈለግ ግን በአንድ ቀን ቆርሶ መሸጥ አይቻልም። ወርቅ ይሸጣል፤ ግን ይሰረቃል። የውጭ ምንዛሪ መያዝ በብዙ አገር ገደብ አለበት፤ ሕጉን ሳያውቁ መግባት ሀብትን ከንረት አድኖ ለመወረስ መዳረግ ነው። ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሻለው የማይቀረውን ፍጆታ አስቀድሞ መግዛት፣ ሥራ የሚያስገኝ መሣሪያ መግዛትና ልጅን ማስተማር ነው። የሚበላሽ ምግብ በድንጋጤ ማከማቸት ግን ኪሳራ ነው።

ዕዳን በተመለከተ፣ ወለዱ የማይለወጥ የቆየ ብድር ያለበት ሰው በንረቱ ይጠቀማል፤ በጀርመን የቤት ብድር የነበረባቸው ሰዎች ዕዳቸውን በአንድ ቀን ገበያ ወጪ ዘግተዋል። ይህን ሰምቶ በንረት ጊዜ አዲስ ብድር መውሰድ ግን አደገኛ ነው፤ ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ ወይም ዕዳው በውጭ ምንዛሪ ከተሰላ፣ አሊያም ንረቱ በድንገት ቆሞ ከፍተኛው ወለድ ግን ባለበት ከቆየ ተበዳሪው ይሰበራል። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከደመወዙ መጠን ባልተናነሰ ለክፍያው ድግግሞሽ ይታገል። በወር 30 በመቶ በሚጨምር ዋጋ መካከል፣ በወሩ መጨረሻ የሚከፈልን ደመወዝ ግማሹን በወሩ አጋማሽ ማግኘት ብቻውን ትልቅ ጭማሪ ነው። በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ የሚጎዱት ጡረተኞችና በቋሚ ገቢ የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው፤ የቤተሰብ ዕቅድ ሲወጣ የእነርሱ ሒሳብ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ለመደራደርም ሆነ ሌላ ሥራ ለመፈለግ አቅሙ የላቸውምና።

የመንግሥትን እርምጃ መመዘን

የመጀመሪያው የተለመደ እርምጃ የዋጋ ቁጥጥር ነው። የዚምባብዌ መንግሥት በጁን 2007 ነጋዴዎች ዋጋቸውን በግማሽ እንዲቀንሱ አዘዘ፤ በሳምንታት ውስጥ የመደብር መደርደሪያዎች ባዶ ሆኑ። ሁለተኛው ዜሮ መቀነስ ነው። ዚምባብዌ በ2006 ሦስት፣ በ2008 አሥር፣ በ2009 አሥራ ሁለት፣ በድምሩ 25 ዜሮዎችን ቆረጠች። ቬኔዝዌላም በ2008፣ በ2018 እና በ2021 በድምሩ 14 ዜሮዎችን አንስታለች። ዜሮ መቀነስ ለሒሳብ ሠራተኛ ዕረፍት ይሰጣል፤ በጀቱ ካልተስተካከለ ግን ዜሮዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

እውነተኛ ማረጋጊያ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ጀርመን እንመለስ። በኖቬምበር 15 ቀን 1923 ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱ በ1 ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ይለወጥ ነበር። በእርሻና በኢንዱስትሪ ንብረት ላይ በተጣለ ዋስትና የተደገፈ ነው ቢባልም፣ ማንም ኖቱን ይዞ ሄዶ መሬት አይቀበልም ነበር። ያዳነው ነገር ሌላ ነው፤ የኖቱ መጠን በሕግ ተገደበ፣ ማዕከላዊ ባንኩ በዚያው ዕለት ለመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ገንዘብ መስጠት አቆመ፣ በሩር ለሥራ ማቆሙ የሚከፈለው ገንዘብ ቀረ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ሠራተኞችም ተቀነሱ። ዋጋው መራራ ነበር፤ ሆኖም የዋጋው ሩጫ በሳምንታት ውስጥ ቆመ። በሃንጋሪ ፎሪንት የተባለው አዲስ ገንዘብ በኦገስት 1 ቀን 1946 አሮጌውን ፔንጎ ሲተካ አንዱ ፎሪንት የተለወጠው ከ4 ቀጥሎ 29 ዜሮዎች በሚጻፉበት የፔንጎ ቁጥር ነው፤ እርሱም የጸናው ከበጀት ማስተካከያ ጋር ስለመጣ ነው።

የብራዚል መንገድ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ገንዘቡ ሥራዎቹን የተወበትን ቅደም ተከተል በማስተዋል የተቀየሰ ነበርና። ከማርች 1 ቀን 1994 ጀምሮ ዋጋና ደመወዝ ዩአርቪ በተባለ፣ ኖት በሌለውና ከዶላር ጋር እኩል በሚሄድ መለኪያ እንዲተመኑ ተደረገ፤ ክፍያው ግን በየዕለቱ ተመን በአሮጌው ገንዘብ ነበር። ሕዝቡ ለአራት ወራት ያህል ያልተናጋ ዋጋ ማየትን ለመደ። ጁላይ 1 ቀን መለኪያው ራሱ ሪያል ተብሎ ኖት ሆነ፤ አንዱ ሪያል በ2,750 የቀድሞው ገንዘብ ተለወጠ። መጀመሪያ መለኪያነቱን፣ ከዚያ መገበያያነቱን መለሱ፤ ሀብት ማስቀመጫነቱ በጊዜ ተከተለ። ከዚያ በፊት የነበሩት በርካታ የብራዚል ሙከራዎች በዋጋ ማገድ ጀምረው የወደቁ ነበሩ።

የራስን ገንዘብ ትቶ የሌላ አገር ገንዘብ መቀበልም አለ። ኢኳዶር በ2000 አንድ ዶላርን በ25,000 ሱክሬ ለውጣ ዶላርን ተቀበለች፤ ዚምባብዌም በ2009 የውጭ ገንዘቦችን በይፋ ፈቀደች። ንረቱ አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴም ከጊዜ በኋላ ይቆማል። በዋጋው ግን መንግሥት በችግር ጊዜ ባንኮቹን የሚደግፍበት አቅም ያጣል፤ ዕድገቱም ከሌላ አገር ፖሊሲ ጋር ይታሰራል። ማንኛውም የማረጋጊያ ዕቅድ ሲታወጅ መጠየቅ ያለበት፣ ከነገ ጀምሮ ጉድለቱን ማን ይሸፍናል፣ ማዕከላዊ ባንኩስ እምቢ የማለት ሥልጣን አለው ወይ ነው። መልሱ በዐዋጁ ውስጥ ካልተገኘ ዕቅዱ ገና አልተጀመረም።

ሰነዶችን መያዝ

ገንዘቡ ከተቀየረ በኋላ አሮጌ ውሎችና የባንክ ደብተሮች ከንቱ መስለው ይጣላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 28 ቀን 1923 የወረቀት ማርክን ከወርቅ ማርክ ጋር እኩል ቆጥሮ ዕዳን መክፈል ከመልካም እምነት ጋር እንደማይሄድ ወሰነ፤ በጁላይ 1925 የወጣውም ሕግ በንብረት ዋስትና የተሰጡ ብድሮች ከወርቅ ዋጋቸው 25 በመቶ እንዲከፈልባቸው አዘዘ። ጥያቄ ለማቅረብ የቻለው ውሉንና ምዝገባውን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ዚምባብዌ ደግሞ በ2015 አሮጌውን ገንዘብ ስትሰርዝ፣ እስከ 175 ኳድሪሊዮን የነበረበት እያንዳንዱ የባንክ ሒሳብ 5 የአሜሪካ ዶላር ተከፍሎታል። የመጀመሪያው ሩብ ነው፣ ሁለተኛው ምንም ሊባል የሚችል ነው፤ ወደፊት የሚወጣ ሕግ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል፣ የብድር ውሎችን፣ የመድን ፖሊሲዎችን፣ የጡረታ መዝገቦችንና የባንክ ደረሰኞችን በቀናቸው ለይቶ፣ በዕለቱ የነበረውን የምንዛሪ ተመን በጎናቸው ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል።